«የተናገረችው ናት የተቀጣችው» — የነርሶች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ስለ ሥራ ቦታችሁ ጻፉልን» ብለን ነርሶችን ጠይቀን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከጎንደርና ከዙሪያዋ የመጡ ናቸው። አያስገርምም፤ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1954 ከተከፈተ ጀምሮ ከተማዋ ነርስና ጤና መኮንን ስታወጣ ኖራለች። ሰባቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጸሐፊዎቹን ስምና መሥሪያ ቤት አስቀርተናል።

ጥያቄ፦ የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ባለፈው ወር አንዲት ጀማሪ ማግኒዥየም ሰልፌት (በእርግዝና ግፊት የሚመጣውን መንቀጥቀጥ የሚከላከለውን መድኃኒት) ስታዘጋጅ መጠኑን አሳስታ፣ ልትሰጥ ስትል ጓደኛዋ ደርሳ አስቆመቻት። እናቲቱ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን ነገሩን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሻይ ቤት ውስጥ በወሬ ነው። ልጅቱን ጠርቼ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «ሲስተር፣ አምና የተናገረችው ናት የተቀጣችው» አለችኝ። ሰው ሳይፈራ እንዲናገር ምን ላድርግ? (ጎንደር)

መልስ፦ ልጅቱ ሒሳቧን በትክክል ሠርታለች። ብትናገር ደመወዟ ይቆረጣል፤ ዝም ብትል ምንም አይመጣባትም። በዚህ ሒሳብ ላይ የሥነ ምግባር ስብሰባ ቢጠሩበት ውጤት የለውም። መጀመሪያ ሒሳቡ ይቀየር።

የሚጀመረውም ከላይ ነው። ከማትሮኗ (ከነርሶች ኃላፊዋ) እና ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ስምምነት ጻፉ፤ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። በስምምነቱ ላይ ሦስት ዓይነት ስህተት ይለይ። የመጀመሪያው እጅ የሳተው፣ ዓይን ያምታታው ነው፤ ይህን የሠራ አይቀጣም፤ የሚመረመረው አሠራሩ ነው። ሁለተኛው አቋራጭ ነው፤ ሥራ በዝቶ በታማሚው እጅ አንጓ ላይ የታሰረውን ስም ሳያነብ መድኃኒት የሰጠ ይመከራል፤ ግን አቋራጭ ያስፈለገው ለምን እንደሆነም ይጠየቃል። ሦስተኛው አውቆ የሚያጠፋ ነው፦ ጠጥቶ የገባ፣ ያልለካውን ግፊት ለክቻለሁ ብሎ የጻፈ፣ ስህተቱን ሊሸፍን ቻርት የቀየረ። ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የሚሄደው ይህ ብቻ ነው። ይህ ወረቀት ከሌለ እርስዎ ዛሬ «አትፍሪ» ያሏትን ልጅ ነገ ሌላ ቢሮ ይቀጣታል፤ ከዚያ በኋላ ቃልዎን የሚያምን አይኖርም።

ቀጥሎ «ለጥቂት የተረፈ ስህተት» የሚመዘገብበት ግማሽ ገጽ ፎርም ያዘጋጁ። ምን ሊሆን ነበር? በየትኛው ፈረቃ፣ በስንት ሰዓት? ምን አስቆመው? ስህተቱን ቀላል ያደረገው ምንድን ነው? ምን ቢቀየር አይደገምም? የሠራተኛ ስም መጻፊያ መስመር አይኑረው። ሳጥኑ በሳምንት አንድ ቀን ይከፈት፤ ርክክብ ላይ 15 ደቂቃ ወስዳችሁ ተነጋገሩበት፤ የተወሰነው ነገር በ7 ቀን ውስጥ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ሳጥን ተሰቅሎ በሁለተኛው ወር ባዶ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ መልስ የሚሰጥ ጠፍቷል፣ ወይ ቁልፉ የሥራ አፈጻጸም ነጥብ በሚሞላው ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፉን ለኢንፌክሽን መከላከል ወይም ለጥራት ክፍል ባለሙያ ይስጡት።

አሁን ወደዚያች ልጅ ስህተት እንመለስ፤ ለሌሎችም ያስተምራል። ማግኒዥየም በብዛት የሚመጣው 50 በመቶ ሆኖ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትሩ አምፑል 5 ግራም ይይዛል። ትእዛዙ ግን መጀመሪያ 4 ግራም በደም ሥር ነው። ስለዚህ 8 ሚሊ ሊትር ብቻ ተስቦ በ12 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ወይም የመርፌ ውሃ ይሞላል፤ 20 ሚሊ ሊትር፣ 20 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ከ5 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የደከመ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፤ «አንድ አምፑል አንድ መጠን ነው» ብሎ 10ሩንም ይስባል፣ ወይም ሳያቀጥን ይሰጣል። በዚያ ላይ በጡንቻ የሚሰጠው በየመቀመጫው 5 ግራም ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አእምሮ ውስጥ ይጋጫሉ። ሰው ቢቀጣ ይህ አይጠፋም። የሚያጠፋው ትሪ ነው፦ አምፑሎቹ፣ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ፣ ማቅጠኛው፣ «8 + 12 = 20» ተብሎ በትልቁ የተጻፈ ካርድ፣ የነርቭ መዶሻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማርከሻው፣ 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት 10 ሚሊ ሊትር፣ እዚያው ትሪ ላይ። ማርከሻው ፋርማሲ ተቆልፎበት ካለ እንደሌለ ይቁጠሩት። በካርዱ ጀርባ ደግሞ በየ4 ሰዓቱ ከሚሰጠው መጠን በፊት የሚታዩት ሦስቱ ይጻፉ፦ ትንፋሽ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ፣ የጉልበት ምላሽ መኖሩ፣ ሽንት በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር።

የሁለት ሰው ማረጋገጫም አለ፤ በየቦታው ይደረጋል፤ በአብዛኛው ግን ለስሙ ነው። «ስምንት ነው አይደል?» «አዎ፣ ስምንት ነው» ማረጋገጫ አይባልም፤ ሁለተኛዋ የሰማችውን ደገመች እንጂ አላሰበችም። ሁለተኛዋ የመጀመሪያዋን ቁጥር ሳትሰማ ትእዛዙን ከቻርት አንብባ፣ አምፑሉን በእጇ ይዛ ለብቻዋ ታስላ። ሁለቱ ቁጥሮች ከገጠሙ ይሰጣል።

አንድ ነገር እንጨምር። ስህተት ሊነግርዎ የመጣ ሰው የፊትዎን መልክ ያነባል። የመጀመሪያ ጥያቄዎ «ማን ነው?» ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። «እናቲቱ አሁን እንዴት ናት?» ይበሉ፤ ቀጥሎ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ፤ ምኑ ነበር ያስቸገረሽ?» ቆሞ የሚያዳምጠው ሌላው ሠራተኛ ወደፊት ይናገር አይናገር የሚወስነው በዚህች ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው፤ ሥራ ከጀመርኩ 5 ወር ሆነኝ። ትናንት የተጠቀምኩበትን መርፌ ስከድን ጣቴን ወጋኝ። ለማንም አልተናገርኩም፤ «ጥንቃቄ የጎደላት» እንዳልባል ብዬ። ጓደኛዬ ደሙን ጭመቂው፣ በበረኪና እጠቢው አለችኝ። ታማሚው ምን እንዳለበት አላውቅም። ምን ይሻለኛል? እህታችሁ። (አዘዞ)

መልስ፦ እህታችን፣ ላንቺ በስልክሽ በዚያው ቀን መልሰንልሻል፤ መጽሔት እስኪታተም የሚጠበቅ ነገር አይደለም። እዚህ የምንጽፈው ነገ ለምትወጋው ሌላዋ ነው።

ሲወጋሽ ያለሽበትን ሥራ አቁመሽ ቦታውን በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቢ። መጭመቅ አያስፈልግም፤ በረኪናም አይነካው፤ ቆዳን ያቆስላል እንጂ የሚጠቅመው የለም። ደም ዓይን ውስጥ ከተረጨ በንጹህ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል መታጠብ ነው። ከዚያ ሰዓቱን ጽፈሽ ለፈረቃ ኃላፊዋ ንገሪ። ሰዓቱ የሚጻፈው ለወቀሳ አይደለም፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በቶሎ፣ ከተቻለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ ግን አይጀመርም። የታማሚው ውጤት እስኪመጣ አትጠብቂ። ጀምሪ፤ ታማሚው ፈቅዶ ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ይቋረጣል። አሁን በብዛት የሚሰጠው ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል ነው፤ በቀን አንዴ፣ ለ28 ቀን። ማቅለሽለሽ ካመጣ ከምግብ ጋር ይወሰድ። የብረት ወይም የካልሲየም እንክብልና የጨጓራ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ዶሉቴግራቪርን በደንብ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ምርመራው በዚያው ቀን፣ በ6ኛው ሳምንት፣ በ3ኛውና በ6ኛው ወር ነው። እስኪጣራ ኮንዶም መጠቀም፣ ደም አለመለገስ።

ፍርሃቱን ለማቅለል ቁጥሩን እንንገርሽ። ኤችአይቪ ካለበት ሰው በመርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ 0.3 በመቶ ገደማ ነው። ይልቅ ብዙ ነርስ የማያስባት ሄፓታይተስ ቢ ናት፤ ያልተከተበ ሰው ከሆነ ዕድሉ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ክትባቷ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ በወሩ፣ በ6ኛው ወር። ሁለቱን ወስዶ ሦስተኛውን የረሳ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ ሞልቷል። የሰው ሀብት ክፍል የዓመት ፈቃድ እንደሚመዘግብ ሁሉ የክትባት ካርዱን ቢመዘግብ፣ አዲስ ተቀጣሪም የመጀመሪያውን ሳይከተብ ወደ ዋርድ ባይገባ ደግ ነው።

ለጤና ጣቢያሽ ኃላፊ የምንለው ደግሞ ይህ ነው። የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክሊኒኩ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሰው የሚወጋው ግን ማታም ነው። የ3 ቀን ጀማሪ መድኃኒት ታሽጎ በተረኛ ክፍል ይቀመጥ፤ ቁልፉም በእያንዳንዱ ፈረቃ ከርክክብ መዝገቡ ጋር ይተላለፍ። ሌላው መርፌ መክደን ነው። ሠራተኛው መክደን ክልክል እንደሆነ ያውቃል። የሚከድነው ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ መጣያው) ከአልጋው 20 እርምጃ ስለሚርቅ፣ ገላጣ መርፌ ይዞ አስታማሚ በሚተራመስበት መሐል ላለመሄድ ነው። ቦክሱ ጋሪው ላይ ይታሰር፤ ከአልጋ ወደ አልጋ ከነርሷ ጋር ይሂድ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፤ ሞልቶ የፈሰሰ ቦክስ ራሱ ይወጋል።

መቼም ጽዳት ሠራተኞችን ሳናነሳ ማለፍ አይሆንም። በጥቁሩ ከረጢት ውስጥ የተጣለ መርፌ የሚወጋው እነርሱን ነው፤ ስለ 72 ሰዓቱ የነገራቸው ግን የለም። መድኃኒቱም ክትባቱም ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ የድንገተኛ ክፍል ነርስ ነኝ። አንድ ታማሚ ሲመጣ አሥርና አሥራ አምስት አስታማሚ ተከትሎ ይገባል፤ ከደምቢያ፣ ከወገራ፣ ከአርማጭሆ ሌሊቱን ተጉዘው ነው የሚደርሱት። ይጮሃሉ፣ ይገፉናል። ሰው ሲሞትማ አይነገርም። ጓደኛዬ በጥፊ ተመታ በማግስቱ ሥራ ገባች። «ታገሡ፣ ሕዝብ ነው» እንባላለን። (ጎንደር)

መልስ፦ «ታገሡ» የሥራ መመሪያ አይደለም። መታገስ ያለበት ሐዘኑ ነው፤ ጥፊው አይደለም።

ጩኸቱ በአብዛኛው ከዝምታ ይነሳል። ሌሊቱን በሰው ጀርባና በአይሱዙ ተጉዞ የመጣ ቤተሰብ ታማሚው ከመጋረጃ ጀርባ ከገባ በኋላ ለአንድ ሰዓት ማንም ቃል ካላለው የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። ስለዚህ ታማሚው እንደገባ ባሉት 10 ደቂቃዎች አንድ ሰው ወጥቶ ሦስት ነገር ይናገር፦ አሁን ምን እያደረግን ነው፤ ቀጥሎ ምን ይደረጋል፤ መቼ ተመልሼ እነግራችኋለሁ። «በ30 ደቂቃ እመለሳለሁ» ካሉ ነገር ባይኖርም ይመለሱ፤ «ገና የደም ውጤቱን እየጠበቅን ነው» ማለትም ዜና ነው። ከቤተሰቡ መሐል አንድ ሰው ይመረጥ፤ ሽማግሌ ቢሆን ወይም የሚሰሙት ሰው፤ ነርሷ ለእርሱ ትንገር፣ እርሱ ለሌላው። ለአንድ ታማሚ ሁለት ባለቀለም ካርድ፤ ካርድ የሌለው ውጭ ይቆያል። ካርዱን የሚቆጣጠረው ዘበኛው እንጂ ነርሷ አትሁን፤ መድኃኒት የምትሰጥና ሰው የምታስወጣ አንዲቱ ከሆነች ሁለቱንም አትችልም።

መሣሪያ የያዘ ሰው ዋናው በር ላይ በደረሰኝ ያስቀምጥ። ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ደርሶ መጠየቅ የዘገየ ነው፤ ያን ጊዜ ሰውየው ወንድሙን ተሸክሟል።

የክፍሉንም አቀማመጥ እዩት። የነርሷ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ሆኖ መውጫው ከአስታማሚው ጀርባ ከሆነ ዛሬውኑ ይዙር፤ በሩ ለነርሷ ይቅረብ። የብረት ስታንድ፣ መቀስ፣ ባዶ የኦክስጅን ሲሊንደር ከመተላለፊያ ይነሳ። የተቆጣ ሰው ሲመጣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ሰጥቶ፣ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ፣ እጅን ገልጦ መቆም። ድምፁ ከፍ ሲል የእናንተ ዝቅ ይበል። «ጋሼ» ወይም «እትዬ» ብሎ ጠርቶ «ስለ ልጅዎ እንደተጨነቁ አያለሁ፤ እዚህ ቁጭ ይበሉና ልንገርዎት» ማለት «ይረጋጉ!» ከማለት ይሻላል፤ «ይረጋጉ» የተባለ ሰው ተረጋግቶ አይታወቅም። አንድ የመጥሪያ ቃልም ተስማሙ፤ «ሰማያዊውን ፋይል አምጪልኝ» ሲባል ሁለት ሰውና ዘበኛ ይመጣል። እጅ ከተነሳ መልስ የለም፣ ክርክር የለም፤ ታማሚ ትቶ መውጣት ነው።

ስለ ሞት። አገራችን መርዶ የምታረዳበት ወግ አላት፤ ለብቻ ያለ ሰው አይረዳም፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ተቀምጦ ነው። ሆስፒታል ንጋትን መጠበቅ አይችልም፤ ወጉን ግን መዋስ ይችላል። መጀመሪያ የተመረጠው ሽማግሌ ብቻውን ይጠራ። አንዲት ወንበር ያላት ክፍል፣ ውሃ፣ የሚዘጋ በር ይኑር። ሐኪሙ ይንገር፤ ነርሷ አብራ ትቁም፤ ነርሷ ብቻዋን አትላክ። «ደከመ»፣ «ከበደው» እያሉ መሸፋፈን ሁለት ጊዜ ማርዳት ነው፤ «አርፏል» ይባል። እናትና ሚስት እንዴት ይነገራቸው የሚለውን ሽማግሌው ይምራ። ቤተሰቡ ገብቶ ከማየቱ በፊት ቱቦው ይነቀል፣ ደሙ ይጠረግ፣ ዓይኑ ይከደን፣ አንሶላው ይቀየር። ይህ አምስት ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው ግን በደም የተጨማለቀ አስከሬን ከማየት ነው። እሪታው ይመጣል፤ አታፍኑት፤ ሌሎች ታማሚዎች የማይሰሙበት ቦታ አዘጋጁለት።

የተመታችው ጓደኛሽስ? በዚያው ሰዓት ተመርምራ፣ ቻርት ተከፍቶላት፣ የቀረውን ፈረቃ ሌላ ሰው ሊሸፍንላት ይገባ ነበር። ፖሊስ ዘንድ የሚያመለክተው መሥሪያ ቤቱ ይሁን፤ እርሷ በግሏ ከከሰሰች የሰውየው ዘመድ ነገ ቤቷ ለሽምግልና ይመጣና ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። በሁለት ቀን ውስጥ ኃላፊዋ አንዴ ትደውልላት፤ «መቼ ትመለሻለሽ?» ለማለት ሳይሆን «እንዴት አደርሽ?» ለማለት።

ጥያቄ፦ ሌሊት ሬዚደንት (ስፔሻሊቲ የሚማር ሐኪም) ስንጠራ «ለዚህ ነው የቀሰቀሽኝ?» ተብለን እንሰደባለን። በራውንድ ላይ ታማሚ ፊት እንዋረዳለን። አሁን አሁን ካልባሰ በቀር አንጠራም። (ጎንደር፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ)

መልስ፦ «ካልባሰ አንጠራም» ያላችሁት ነው አደገኛው። ስድቡ እናንተን ይጎዳል፤ ያልተደወለው ስልክ ግን ታማሚውን ይገድላል።

ጥሪው አጭርና ቁጥር ያለው ይሁን፤ ኤስባር የምትሉት (ሁኔታው፣ ታሪኩ፣ ግምገማው፣ የሚፈለገው በቅደም ተከተል የሚነገርበት) ለዚህ ነው የወጣው። «ዶክተር፣ የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ ነኝ፤ አልጋ 7 ስላለችው ልጅ ነው። ዛሬ ከሰዓት አንጀቷ ተቀዶ ነበር። ግፊቷ ከ110/70 ወደ 80/50 ወርዷል፤ ልብ ምቷ 128፤ እጇ ቀዝቅዟል፤ ፋሻው በደም ርሷል። እየደማች ነው ብዬ እሰጋለሁ። ፈሳሽ ጀምሬያለሁ። መጥተው እንዲያዩዋት እፈልጋለሁ፤ በስንት ደቂቃ ይደርሳሉ?» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አትቅር። «አልጋ 7 ትንሽ ደህና አይደለችም» ብላችሁ ከደወላችሁ ግን ሬዚደንቱ ተመልሶ ቢተኛ ግማሹ ጥፋት የእናንተ ነው፤ ይህንንም በቅንነት ተቀበሉት።

መልስ ካልመጣ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፣ ከዚያ ወደ ላይ። ሁለተኛው ጥሪ ከ10 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ሲኒየሩ፣ ከዚያ ተረኛ ማትሮኗ። የማን ስልክ ቀጥሎ እንደሚደወል ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ «አለፈችኝ» ብሎ የሚቆጣ አይኖርም፤ ነርሷ ደንብ ተከተለች እንጂ ሰው አልከሰሰችም። እያንዳንዱ ጥሪ ከነሰዓቱ ቻርት ላይ ይጻፍ፤ ያለ ቅጽል፦ «8፡40 ተደወለ፣ 8፡50 ዳግም ተደወለ»።

ለውርደቱ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ለብቻ፣ በአጭሩ፦ «ዶክተር፣ ጠዋት ታማሚ ፊት እንዲህ ብለውኛል። ስህተት ካለብኝ ለብቻዬ ይንገሩኝ። ታማሚው ካላመነኝ መድኃኒቴን አይወስድም።» ብዙ ሰው በዚህ ይመለሳል። ከተደገመ ቀን፣ ቃሉ እንዳለ፣ ማን እንደነበረ ተጽፎ ማትሮኗ ለክፍሉ ኃላፊ ታቅርብ። በነገራችን ላይ፣ አዲስ ምሩቅ ነርስን እንዲሁ የሚያዋርድ ነባር ነርስ አለ፤ «እኛም እንዲህ ተረግጠን ነው የተማርነው» እያለ። ስለ ሬዚደንቱ የተባለው ሁሉ ለእርሱም ነው።

ጥያቄ፦ የግል ሆስፒታል ነርስ ነኝ፤ የ5 ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ናይት አስገቡኝ፤ «ሰው የለም» አሉኝ። መብቴ ምንድን ነው? (ፒያሳ)

መልስ፦ የግል ሆስፒታል በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይገዛል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ማሠራት፣ ትርፍ ሰዓትም ማሠራት በአዋጁ ክልክል ነው። «ሰው የለም» ምክንያት አይሆንም። የወሊድ ፈቃዱ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው፤ ከነደመወዝ። የሐኪም ማስረጃ አያይዘሽ በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂውን «ደርሶናል» ብለው ይፈርሙልሽ። ለሌሎቻችሁም፦ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያው በቀን 1.5፣ በሌሊት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ሠራተኛ የሚዳኘው በሲቪል ሰርቪስ ሕግ ስለሆነ ይህን ቁጥር ይዛችሁ ወደዚያ አትሂዱ።

ጥያቄ፦ የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ማታ ተረኛ ስሆን ቢሮው ይጠራኛል፤ ንግግሩ የሥራ አይደለም። እምቢ ካልኩ የዲዩቲ ፕሮግራሜን ያበላሽብኛል። (ስሜም ሰፈሬም አይጻፍ)

መልስ፦ ይህ ወሲባዊ ትንኮሳ ነው፤ ያው አዋጅ ይከለክለዋል። ትንኮሳው ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪው ከመጣ ሠራተኛዋ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራ መልቀቅ ትችላለች፤ ግን ቀነ ገደቡ አጭር ስለሆነ ቶሎ የሕግ ሰው አማክሪ። እስከዚያው የስልክ መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ጥሪውን በቀንና በሰዓት ጻፊ፤ ሲጠራሽ «ሥራ ከሆነ በስልክ ይንገሩኝ፣ ታማሚ ይዣለሁ» በይ። የፕሮግራሙን የቀድሞና የኋላ ቅጂ ፎቶ አንሺ፤ ብቀላው የሚታየው እዚያ ላይ ነው። የሥራ ባልደረባ ቢሆን ኖሮ ደግሞ መጀመሪያ ለአሠሪው በጽሑፍ ማሳወቅ ነበር።

ጥያቄ፦ የዲዩቲ ፕሮግራም አውጪ ነኝ። ጥምቀት በመጣ ቁጥር ጠብ ነው፤ ሁሉም ጥር 10 እና 11 ዕረፍት ይፈልጋል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ናይት ያደሩት ልጆች ጠዋት ላይ ይንቀጠቀጣሉ። (ጎንደር)

መልስ፦ በጎንደር ጥምቀትን ሁሉም ሰው ሊያርፍ አይችልም፤ ከተማው በእንግዳ ተሞልቶ ድንገተኛ ክፍሉ ባዶ አይሆንም። ጠቡ የሚመጣው ማን እንዳረፈ የሚታወስ ስለማይኖር ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ ይሥሩ፤ ከላይ በዓላቱ (እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሁለቱ ዒዶች፣ መውሊድ)፣ ከጎን ስሞቹ። ጥምቀትንና ፋሲካን ተረኛ የሆነ 3 ነጥብ፣ ሌላውን 1 ነጥብ ያግኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ነጥብ ያለው ቀድሞ ይምረጥ። ሙስሊሞቹ ጥምቀትን፣ ክርስቲያኖቹ ዒዱን መሸፈናቸው ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን በነጥብ ይቆጠር፤ ካልተቆጠረ ሙስሊሟ ነርስ ሁልጊዜ የምትሠራ ትሆናለች። ፕሮግራሙ ከወሩ በፊት ይለጠፍ፤ መለዋወጥ በሁለቱ ፊርማ። ተከታታይ ናይት ከሦስት አይብለጥ፤ ናይት ያደረ በዚያው ቀን ከሰዓት አይጠራ።

ለጾሙ፦ የሚጾሙት ማታ ከመግባታቸው በፊት በደንብ ይብሉ፤ ሽሮና ምስር ከእንጀራ ጋር ከደረቅ ዳቦ የበለጠ ያቆያል። የሚያከፍሉ ካሉ ወይም ሌሊት መብላት ያቆሙ ካሉ በግልጽ ይጠየቁ፤ ሃይማኖታቸውን ለመመርመር ሳይሆን ከንጋቱ 11 ሰዓት በኋላ ኢንሱሊንና ማግኒዥየም የሚያዘጋጅ ሌላ ሰው እንዲመደብ። የተንቀጠቀጠች፣ ላብ ያላባት፣ ቁጥር የተምታታባት ነርስ «ስኳሬ ወርዷል» ብላ መርፌውን አስቀምጣ መቀመጥ ትችላለች፤ ጓደኛዋ ስኳሯን ትለካላት። ከ70 በታች ከሆነ ሁለት ሦስት ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ነው፤ ለታማሚ የምናደርገውን።